መድኃኒት የለበሰው ብረት

የጡረታ ደብዳቤዬን በተቀበልሁ ሰሞን ጎረቤቴ «ሲስተር ትርንጎ፣ ይኸን ሁሉ ዓመት ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ ምን ስትሠሪ ኖርሽ?» አለችኝ። «ብረት ስጠብቅ» አልኋት። ዘበኛ ነበርሁ ያልሁ መስሏት ሳቀች። እኔ ግን እውነቴን ነበር። አጥንቱ የተሰበረ ሰው ሲመጣ ሐኪሙ አጥንቱን ገጥሞ በብረት ያስረዋል። ያ ብረት ሰውነት ውስጥ ከመግባቱ በፊትም ሆነ ከገባ በኋላ ጀርም እንዳያርፍበት መጠበቅ የእኔ ፋንታ ነበር። ብረቱ ከተመረዘ የሐኪሙ ድካም ሁሉ ከንቱ ነው፤ የሰውዬው እግርም አብሮ ይሄዳል።

ወደ ቆላው የወረድሁት ገና ልጅ እግር ሳለሁ ነው። መጀመሪያ የተመደብሁት ሽንፋ ጤና ጣቢያ ነበር። ወባ፣ የእባብ ንክሻ፣ በክረምት ጭቃ በቃሬዛ የምትመጣ ምጥ የያዛት ሴት፤ ሁሉንም እዚያ አየሁ። የበረሃ አበል አለው ስላሉኝ ነበር የፈረምሁት። አበሉ ሙቀቱን እንደማያበርደው የገባኝ የመጀመሪያው ሚያዝያ ላይ ነው። ከጥቂት ዓመት በኋላ ወደ ሆስፒታል ተዛወርሁ። ስሙን አልጠራም፤ የሠራነው ጥፋትም አለበትና። ከመተማ ዮሐንስ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ የሚመጣው ስብራት ሁሉ እኛ ዘንድ ነበር የሚወርደው ብል ይበቃል። በሰሊጥ ዐጨዳ ወቅት ከደጋ የሚወርዱት የቀን ሠራተኞች፣ ሳሉግ የምንላቸው፣ በጭነት መኪናና በትራክተር ተሳቢ ላይ ተጭነው ነው የሚሄዱት። ተሳቢ ሲገለበጥ አንድ ሰው ብቻ አይሰብርም።

የኦፕሬሽን ክፍሉ ኃላፊ ጋሼ አለባቸው የሚባሉ፣ ጠጉራቸው የሸበተ ቀጭን የጎንደር ሰው ነበሩ። ሲያስተምሩ እንደ ዜማ መምህር ናቸው፤ አንዱን ነገር አጥርቼ ካልያዝሁ ወደ ሌላው አያሳልፉኝም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት እጅ ከመታጠብ በቀር ምንም አላሠሩኝም። «ውኃው ከክርንሽ ወደ ጣትሽ ተመለሰ። እንደገና» ይሉኛል። እንደገና እታጠባለሁ። የኦፕሬሽን ዕቃ በድርብ ጨርቅ ተጠቅልሎ በአውቶክሌቭ፣ ማለት በእንፋሎት ማሽኑ፣ ከተቀቀለ በኋላ እሽጉን ከመፍታታቸው በፊት ሁልጊዜ አንድ ነገር ያደርጋሉ። የእጃቸውን ጀርባ ከእሽጉ ሥር ያስጠጋሉ። ትንሽ እንኳ እርጥበት ከተሰማቸው «ይመለስ» ይላሉ። ሐኪሙ ቢቆጣ፣ በሽተኛው ጠረጴዛ ላይ ቢሆን ግድ የላቸውም።

«እርጥብ ጨርቅ በር የሌለው ቤት ነው» ይሉኝ ነበር። «ማንም ይገባበታል።»

ሌላም ልማድ ነበራቸው። የአጥንት ኦፕሬሽን ሲጀመር ጥቂት የማሽላ ፍሬና አንድ ኩባያ መስኮቱ ላይ ያስቀምጣሉ። በሩ በተከፈተ ቁጥር አንድ ፍሬ ኩባያው ውስጥ ጠብ ታደርግ ዘንድ ጽዳት ሠራተኛዋን ያዟታል። ሥራው ሲያልቅ ኩባያውን ለሁላችንም ያሳያሉ። «ዛሬ አሥራ አራት ጊዜ አቧራ ጋብዘናል።» አንድ ጊዜ የስልክ ቻርጀር ፍለጋ የገባ የአስተዳደር ሠራተኛን አንዲት ፍሬ አስይዘው «ይቺን ለአለቃህ ስጥልኝ» ብለው ሰደውታል። ከዚያ በኋላ ያ ሰው ደጃችን አልደረሰም።

አንድ ቀን «ጋሼ፣ ለሆድ ኦፕሬሽን እንዲህ አይቆጡም። ለብረት ለምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

ወደ ጓሮ ይዘውኝ ሄዱና የውኃ በርሜላችንን ከፈቱ። «እጅሽን አስገቢና ጎኑን ዳስሺ» አሉኝ። ያሙለጨልጫል። «ውኃውን ብትደፊው፣ ሌላ ብትሞይበት፣ ይኼ ዝልግልግ ይለቃል?»

«ካልተፋቀ አይለቅም።»

«ጀርምም ብረት ላይ እንዲሁ ነው። ሥጋ ላይ ያረፈውን ደም ይደርስበታል፤ መድኃኒትም በደም ነው የሚጓዘው። ብረት ግን ደም የለውም። ጀርሙ አንዴ ብረቱ ላይ ዝልግልጉን ለብሶ ከተቀመጠ ኪኒን በኩንታል ብታጎርሺው አትነቅይውም። ስለዚህ መቅደም ነው ያለብሽ።»

አሁን ወደሚከብደኝ ልምጣ።

የዐጨዳ ወቅት ነበር። ጋሼ አለባቸው ዘመድ ሞቶባቸው ለልቅሶ ጎንደር ወጥተዋል፤ ክፍሉን የያዝሁት እኔ ነኝ። ከኮኪት መንገድ ተሳቢ ተገልብጦ ይበልጣል የሚባል የጎጃም ልጅ አመጡልን። ለሰሊጥ ዐጨዳ ገና በዚያ ሳምንት የወረደ፣ ሃያ ዓመት የሞላው የማይመስል ወጣት ነው። የቅልጥሙ አጥንት ቆዳውን በስቶ ወጥቷል፤ ቁስሉ ውስጥ ጥቁር የዋልካ ጭቃ ገብቷል። ዶክተር ሀብታሙ ያኔ ለሆስፒታሉ አዲስ ነበር። ቁስሉን አጠበ፣ የሞተውን ሥጋ አነሣ፣ ከዚያም አጥንቱን በፕሌት፣ ማለት በብረት ሰሌዳ፣ ሊያስረው ወሰነ።

የፕሌቱ እሽግ አውቶክሌቩ ውስጥ ሊደርቅ ጥቂት ሲቀረው መብራት ጠፍቶ ነበር። አወጣሁት። እንደ ጋሼ የእጄን ጀርባ ከሥሩ አስጠጋሁ። ቀዘቀዘኝ። ውኃ አይንጠባጠብም፤ ግን ቀዝቃዛ ነው። በዚያ አገር ሙቀት ደረቅ ጨርቅ እንደማይቀዘቅዝ አውቃለሁ። ዶክተሩ እጁን ዘርግቶ «ሲስተር፣ ፕሌቱን» አለኝ። ልጁ ተኝቷል፣ እግሩ ተከፍቷል፣ ሌላ የተቀቀለ ፕሌት የለም። «ቅዝቃዜ ነው እንጂ እርጥበት አይደለም» ብዬ ራሴን አታለልሁና ፈታሁት።

በሁለተኛው ሳምንት ፋሻውን ስፈታ ሽታው ቀድሞ ነገረኝ። መግሉ ከብረቱ ሥር ነው የሚመጣው። አንቲባዮቲክ ቀያየርን፣ ደግመን አጠብን፣ ፕሌቱን አወጣን። ልጁ በትኩሳት ሲቃዥ የእናቱን ስም ይጠራ ነበር። በመጨረሻ ነፍሱን ለማትረፍ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ። ዕቃውን ለዶክተሩ ያቀበልሁት እኔ ነኝ።

ጋሼ አለባቸው ሲመለሱ ሁሉንም ነገርኋቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። አልተቆጡም።

«ለሐኪሙ ነግረሽዋል?» አሉኝ።

«አልነገርሁትም።»

«ለልጁስ?»

«አልነገርሁትም።»

«እንግዲያ ገና አልነገርሽም» ብለው ትተውኝ ወጡ።

ለዶክተር ሀብታሙ ነገርሁት። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ከዚያ «ሲስተር፣ ዋልካ የገባበት ቁስል ላይ የመጀመሪያውን ቀን ፕሌት ማሰሬም ልክ አልነበረም» አለኝ። «አጥንቱን ከቆዳው ውጪ በሚቆም ብረት ማሰርና ቁስሉ እስኪጠራ መጠበቅ ነበረብኝ። ጀርሙ ከጭቃው ይምጣ ከጨርቁ ማንም አያውቅም።» ሊያጽናናኝ አስቦ ሳይሆን እውነት መስሎት ነው የተናገረው። እኔ ግን የእጄ ጀርባ የነገረኝን አውቃለሁ።

ይበልጣል ዘንድ የገባሁት ጠዋት ላይ ነው። አልጋው ላይ ተቀምጦ የቀረለትን እግሩን ይመለከታል። እሽጉ ቀዝቃዛ እንደነበር፣ መመለስ ሲገባኝ እንደፈታሁት ነገርሁት።

«እትዬ» አለኝ፣ «እኔኮ እግዜርን ምን አድርጌው ይሆን እያልሁ ነው የከረምሁ። ጨርቅ ነው የሚሉኝ?»

«ጭቃውም ሊሆን ይችላል። ጨርቁም ሊሆን ይችላል። ጨርቁን ግን እያወቅሁ ነው ያሳለፍሁት።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ልወጣ ስነሣ ሳይዞር «ይቅር እልዎ እንደሁ አላውቅም» አለኝ። «ለሚመጣው ሰው ግን እንዳያደርጉት።» ከቀናት በኋላ ወንድሙ መጥቶ በክራንች ይዞት ሄደ። ይቅር ይበለኝ አይበለኝ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ከዚያ ወዲህ ሌላ ሰው ሆንሁ ማለት አልወድም፤ ያው ትርንጎ ነኝ። ግን መመለስ ተማርሁ። ሐኪም ቢጮህብኝ፣ በሽተኛ ቢጉላላ፣ «ይመለስ» ካልሁ ይመለሳል። ሁለተኛ እሽግ ሳይዘጋጅ የብረት ኦፕሬሽን አይጀመርም የሚል ወረቀት ጽፌ ግድግዳው ላይ ለጠፍሁ። መብራት ስለሚጠፋ አውቶክሌቩ የሚሠራበትን ጊዜ ከጄነሬተሩ ጋር አገናኘነው። የነዳጅ ጥያቄውን ለማስፈረም ስንት ቢሮ እንደተመላለስሁ አልተርከውም።

ዶክተር ሀብታሙም በበኩሉ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ለወራት ከፍ ወዳለ ሆስፒታል ሥልጠና ሄዶ ሲመለስ በሻንጣው ዱቄትና ፈሳሽ ይዞ መጣ። የአጥንት ሲሚንቶ ይባላል። ዱቄቱና ፈሳሹ ሲቀላቀሉ ሊጥ ይሆናል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ደግሞ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። በሊጡ ውስጥ የአንቲባዮቲክ ዱቄት ከተጨመረበት፣ ከጠነከረ በኋላም መድኃኒቱን ቀስ እያለ ለሳምንታት ዙሪያውን ይተፋል። ደም በማይደርስበት ቦታ መድኃኒቱን ራሱን እዚያው ማስቀመጥ ማለት ነው። ሁሉም አንቲባዮቲክ ግን አይሆንም። ሲሚንቶው ሲጠነክር ይግላልና ሙቀቱን የሚችለው ብቻ ነው የሚመረጠው።

«በውጪ አገር ብረቱ ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ የብር ማዕድን ወይም አንቲባዮቲክ ተቀብቶ ይመጣል አሉ» አለን ዶክተር ሀብታሙ።

«እሱ እስኪመጣ ሰው መሰበሩን አይተውም» አሉ ጋሼ አለባቸው። «አሳየን።»

የመጀመሪያውን ቀን አልረሳውም። ዶክተሩ በተማረው ደቂቃ መሠረት ቀላቀልሁ። የተማረው ግን በደጋ ነው። እኛ ዘንድ ሊጡ ገና ሳይድቦለቦል ከነማማሰያው ሳህኑ ላይ ደርቆ ቀረ። ማማሰያውን ይዤ ሳነሣ ሳህኑም አብሮ ተነሣ። ጋሼ አለባቸው ከልባቸው ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

መፍትሔው ቅዝቃዜ ነበር። ፈሳሹን፣ ዱቄቱን፣ ሳህኑን ሳይቀር በዋዜማው ማቀዝቀዣ ውስጥ ማሳደር ጀመርን። ሥራውን ፀሐይ ሳትበረታ በማለዳ አደረግነው። ጋሼ ሰዓት ይዘው ይቆማሉ፤ እኔ እቀላቅላለሁ። ሽታው እንደ ጥፍር ቀለም ነው፣ ዓይን ያቃጥላል። ሊጡ ጓንት ላይ መጣበቁን ሲተው ቆንጥሬ በመዳፌ እያድቦለቦልሁ፣ ሽምብራ የሚያህለውን እያንዳንዱን በቀጭን ሽቦ ላይ እሰካለሁ። ቶሎ ካልሰካሁት ይደርቃል፤ ቶሎ ከተጣደፍሁም ይሰነጠቃል። ሲያልቅ ልክ መቁጠሪያ ይመስላል። ቁስሉ ውስጥ ስንት ፍሬ እንደገባ በካርዱ ላይ ይጻፋል፤ ያው ቁጥር ሲወጣም ይጻፋል። አንድ የኮኪት አርሶ አደር ከእግሩ ሲወጣለት አይቶ «ሲስተር፣ ስጸልይበት ነበር ለካ» ብሎናል።

ሁሉም ተሳካ አልልም። ግን እንደ ይበልጣል ያለ ቁስል ሲመጣ ብረቱን በውጪ በኩል እያሰርን፣ ውስጡን እያጠብን፣ መቁጠሪያውን እያስገባን፣ ቆይቶ ንጹሕ ሲሆን ብቻ የውስጡን ብረት ማስገባት ልማዳችን ሆነ። ጋሼ አለባቸው ጡረታ ወጥተው ጎንደር ሲገቡ ኃላፊነቱ ለእኔ ተላለፈ።

ዑስማን የመጣው በሥራዬ ማብቂያ ላይ ነው። የሱዳን፣ የገዳሪፍ ሰው ነው፤ ዓመታት ሙሉ በድንበሩ ሰሊጥ ሲያመላልስ የኖረ ሾፌር ስለሆነ አማርኛ አይቸግረውም። መኪናው ተገልብጦበት የጭኑ አጥንት ተሰብሮ ነበር። በአገሩ የብረት ዘንግ በአጥንቱ ውስጥ አስገቡለት። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፤ የሚከታተለው ሆስፒታል ተዘጋ፤ ቁስሉ ማመርቀዝ ጀመረ። በአህያ ጋሪ እስከ ድንበሩ ድልድይ ደርሶ፣ ከዚያ ሰዎች ደግፈው አሻገሩት። ሚስቱንና ሁለት ሴት ልጆቹን ማዶ ዘመድ ቤት ትቷቸው ነው የመጣው።

እንደገባ እጄን ያዘኝ። «ያ ሲስተር፣ ይቆርጡሃል አሉኝ። እንዳትቆርጡኝ። በክራንች ሆኜ ልጆቼን ከዚያ አላወጣቸውም።»

ዶክተር ሀብታሙ ራጁን አይቶ ወደ ጎን ጠራኝ። «ዘንጉን ካላወጣነው ቁስሉ አይደርቅም። ካወጣነው ደግሞ አጥንቱን የሚይዘው የለም። መድኃኒት የለበሰ ዘንግ ያስፈልገናል። ሲሠራ አይቻለሁ፤ በእጄ ግን ሠርቼው አላውቅም።»

«እንዴት ነው የሚሠራው?»

«ከደረት ፈሳሽ በምናወጣበት ቱቦ ውስጥ ነው የሚቀረጸው። ሊጡን ቱቦው ውስጥ ትሞይዋለሽ፣ ቀጭን የብረት ዘንግ መሐሉ ታስገቢበታለሽ፣ ሲደርቅ ቱቦውን ቀደሽ ትገፊዋለሽ።»

«ጊዜው ያለፈበት ሲሚንቶ መጋዘን አለ። በእሱ ልለማመድ» አልሁት።

ሦስት ማለዳ ተለማመድሁ። የመጀመሪያው መሐሉ ላይ ክፍተት ኖሮት እንደ አገዳ ተሰበረ። ሁለተኛው ቱቦው ላይ ተጣብቆ አልላቀቅ አለ። በሦስተኛው ቱቦውን ከውስጥ ፓራፊን ቅባት ቀባሁት፤ ሊጡንም ገና ቀጭን ሳለ በትልቅ መርፌ ከታች ወደ ላይ ገፋሁት። ሲደርቅ ምላጭ አስኬድሁበት፤ ቱቦው እንደ ሸንኮራ ልጣጭ ተገፈፈ። ከውስጡ ነጭ፣ ለስላሳ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል የሆነ ዘንግ ወጣ። ጣቴን እየደጋገምሁ አስኬድሁበት። የሚይዝ ነገር የለውም።

በኦፕሬሽኑ ቀን ዶክተሩ የድሮውን ዘንግ አወጣ። ከላዩ ላይ ያ የበርሜል ዝልግልግ ነበር። የአጥንቱን ውስጥ ጠረገ፤ የሚወጣው ውኃ እስኪጠራ ድረስ እኔ እያቀበልሁ አጠበ። ከዚያ ቀዝቃዛ ሳህኔን አወጣሁ፤ መድኃኒቱን ቀላቀልሁ፤ ቱቦውን ሞላሁ። ቀጭኑን ዘንግ መሐሉ አስገብቼ እስኪጠነክር ጠበቅሁ። ቱቦውን ገፍፌ በሁለት እጄ አቀበልሁት። ገባ።

ለሳምንታት በየቀኑ ፋሻውን የምፈታው ራሴ ነበርሁ። መጀመሪያ ፈሳሹ ቀነሰ፣ ቀጥሎ ውኃ መሰለ፣ ከዚያ ፋሻው ደርቆ ወጣ። ዑስማን በየጠዋቱ ፋሻውን ሳይሆን ፊቴን ነበር የሚያየው። ጊዜው ሲደርስ ዘንጉን አወጣነው፤ ሲሚንቶው ሳይሸራረፍ ሙሉውን ወጣ። ወደ ጎንደር የላክነው ናሙና ጀርም የለውም የሚል መልስ መጣ። ያኔ ለዘለቄታው የሚቆየው ብረት ገባለት።

የጡረታ ደብዳቤዬ የደረሰኝ ከሳምንት በኋላ ነው። ልጆቼ «ጎንደር ግቢ፣ ሙቀቱ ይብቃሽ» አሉኝ። የዚህ ሰው አጥንት ሳይገጥም አልሄድም አልኋቸው። ዑስማን መተማ ዮሐንስ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ነበር። እየሄድሁ እግሩን አያለሁ፣ ጉልበቱን አሳጥፈዋለሁ፣ በገበያው መሐል አስሄደዋለሁ። ክራንቹን ጥሎ ዱላ ያዘ። ከወራት በኋላ ዱላውንም ተወው። አንድ ጠዋት «ነገ እሻገራለሁ» አለኝ።

«መንገዱ ክፉ ነው እያሉ አይደል?»

«ክፉ ነው። ለዚህ ነው የምሄደው።»

አልከለከልሁትም። ሽቅብ ሲወጣ ተሰብሮ የነበረውን እግሩን እንዳያስቀድም፣ ከውኃና ከስንቅ በቀር ምንም ክብደት እንዳይሸከም አስጠንቅቄ እስከ ድልድዩ ሸኘሁት። ሳያነክስ ሲሻገር አየሁት። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ወደዚያ እየሄድሁ፣ ተሻግረው የሚመጡትን ሰዎች ፊት ሳይ ቆየሁ። ብዙ ፊት አየሁ። የእሱ አልነበረም። አንዱን ቀን ዛሬስ ልቅር ብዬ ነበር፤ ሰዓቱ ሲደርስ ግን ተነሣሁና ነጠላዬን ለበስሁ።

በዘጠነኛው ቀን ሚስቱ ከፊት፣ ትልቋ ልጅ ጥቅል ይዛ ከጎኗ፣ እሱ ከኋላ ሆነው መጡ። አቧራው ቅንድቡን አልብሶታል። ትንሿን ልጅ ትከሻው ላይ አድርጓታል።

«ክብደት አትሸከም አላልሁህም?» አልሁት።

«ወላሂ ሲስተር፣ ልጄ ናት እንጂ ክብደት አይደለችም።»

ልጅቱን ከትከሻው ተቀበልኋት። በማግስቱ ሆስፒታል ይዤው ሄድሁና ራጅ አስነሣሁት። ዶክተር ሀብታሙ ፊልሙን በመስኮቱ ብርሃን ላይ ዘርግቶ አየውና ለእኔ አቀበለኝ። አጥንቱ ገጥሟል። ብረቱም ካስቀመጥንበት ቦታ አልተነቃነቀም።